ቡኒ ኮሌታ

ባለፈው ወር ሰውየው ተሸለመ። "በትምህርት ዘርፍ ላበረከተው የላቀ አስተዋፅኦ" ይላል ከጀርባው የተሰቀለው ጨርቅ። ከደረቱ የሚሰፋ አበባ ታቅፎ ድዱ እስኪታይ ይስቃል። ፎቶውን በስልክ የላከችልኝ እናቴ ናት፤ ከሥሩ፣ "እንዴት አርጅቷል፣ ሆዴን አባባው" ብላ ጽፋለች። የእናቴ ሆድ ለማንም ይባባል። እኔ የወጣሁት በአክስቴ ነው። ፎቶውን አጉልቼ የቀሩትን ጥርሶች አየሁና ስልኬን ዘጋሁት።

"ያለፈው አለፈ" የሚሉኝ አሉ። ይህን የሚሉኝ ሁልጊዜ ነገሩ በእነሱ ላይ ያላለፈባቸው ናቸው።

ስምንት ዓመቴ ነበር። ከቤታችን አንድ መታጠፊያ አልፎ ያለው ትምህርት ቤት ቀድሞ የአንዲት አሮጊት መምህርት ነበር። አሮጊቷ ስትሞት ልጆቿ ቶሎ ሸጡትና እያንዳንዱ ድርሻውን ይዞ ወደየቤቱ ሄደ። የገዛው ሰው ዕድሜውን የጫማ ፋብሪካ ሲያስተዳድር የኖረ ሥራ አስኪያጅ ነው። ስለ ልጆች የሚያውቀው የእግራቸውን ቁጥር ነበር።

በመጀመሪያው ሳምንት ወላጆችን ግቢ ውስጥ ሰበሰበ። እኔ የእናቴን ቀሚስ ይዤ ቆሜያለሁ። ሰውየው ደረጃው ላይ ወጣና እጆቹን አፋተገ።

"ነገሩ ቀላል ነው" አለ። "ወላጅ ደንበኛ ነው። ተማሪ ምርት ነው። መምህር ማሽን ነው። ማሽኑ በወጉ ከሠራ ምርቱ ያምራል፤ ምርቱ ካማረ ደንበኛ ይደሰታል። ከእንግዲህ እዚህ ግቢ ውስጥ የማወራው ስለ ጥራት ብቻ ነው።"

ወላጆች አጨበጨቡ። እናቴም አጨበጨበች። የጽሕፈት መሣሪያ ሱቅ ስላላት ቀኑን ሙሉ ሰውን ደንበኛ ስትል ነው የምትውለው፤ ለአንድ ቀን እሷን ደንበኛ የሚላት በማግኘቷ ፊቷ በራ።

እኔን የገረመኝ ግን አክስቴ ማሽን መባሏ ነው። አክስቴ የእናቴ ታናሽ እህት ናት፤ እኛ ቤት ትኖራለች፣ እዚያው ትምህርት ቤት ንባብ ታስተምራለች። እታለም ነው የምላት። ቁመቷ አጭር፣ ድምፅዋ ረጅም ነው። በዚያ ሰዓት ከመምህራኑ ጋር ግድግዳውን ተደግፋ፣ እጇን አጣምራ ቆማለች።

ቤት ስንገባ፣ "እታለም፣ አንቺ ማሽን ነሽ እንዴ?" አልኳት።

"አዎ፣ የስፌት" አለችኝ። "ምላስሽን ሳልሰፋው ዝም በይ።"

ሰውየውን ጋሽ ጥራት አልነው፤ ከአፉ ከሚወጣው ሁለት ቃል አንዱ ጥራት ነበርና።

በፋብሪካው ጫማ ተሠርቶ ሲያልቅ በሦስት መደርደሪያ ይለያል አሉ፦ ለሱቅ መስኮት የሚሆነው፣ ለገበያ የሚሆነው፣ ብልሽቱ። ጋሽ ጥራት አንድ ጠዋት ሁላችንንም አስነበበን፣ አስደመረን፤ በሳምንቱ ዩኒፎርማችን ላይ በቁልፍ የሚያያዝ ኮሌታ ታደለን። ሰማያዊ ለመስኮት፣ ቢጫ ለገበያ፣ ቡኒ ለብልሽት። ወላጆች "ለሥርዓት ነው" ተባሉ። ለእኛ የነገረን የለም። ነገሩ የገባቸው አንዳንድ እናቶች ሰማያዊ ጨርቅ ገዝተው ቤታቸው ሰፉና አንድ ቀን ጠዋት ሰልፉ ሁሉ ሰማይ መስሎ ተገኘ። ከዚያን ቀን ወዲህ ኮሌታዎቹ በሣጥን ሆነው ትምህርት ቤት ያድራሉ፤ ጠዋት አስተማሪ ያድላል፣ ከሰዓት በኋላ ይሰበስባል።

ለእኔ የደረሰኝ ቡኒ ነው። ፊደል ለየብቻው ሲሆን አውቀዋለሁ፤ ከሀ እስከ ፐ እንደ ዘፈን እወርደዋለሁ። ተያይዘው ቃል ሲሆኑ ግን አንዱ ሌላውን ገፍቶ ይወድቅብኛል።

ቡኒ በመሆኔ ደስ ብሎኝ ነበር። ዛሬ ይህን መጻፍ ያንገሸግሸኛል፣ ግን እውነቱ እሱ ነው። ሰማያዊዎቹ በፊት ለፊቱ ሕንጻ፣ በር በተዘጋበት ክፍል ጠዋት ገብተው ዐይናቸው ቀልቶ ይወጣሉ። እኛን ከኋላ ያለው የዕቃ ቤት ተለቀቀልን። እግሩ የተሰበረ ጠረጴዛ፣ ጎኑ የተሰረጎደ የዓለም ሉል፣ ወደ ዛፎቹ የሚከፈት ሰፊ መስኮት አለው። አስተማሪ የለንም። የሒሳብ ክፍሉ ጸሐፊ ወንበር አምጥቶ በሩ ላይ ይቀመጥና በጆሮ ማዳመጫ ኳስ ይሰማል፤ ጎል ሲገባ ብቻ ዞር ብሎ ያየናል። እንስላለን፣ እንተኛለን፣ ጥንዚዛ እናሽቀዳድማለን። የቤት ሥራ የለም። ከሁሉም ቀድመን ወደ ቤት እንሄዳለን። ትምህርት ቤት ድሮም እንዲህ መሆን ነበረበት ብዬ አምን ነበር፤ ጋሽ ጥራት የሚባል ሰው መጥቶ ነው ያስተካከለው።

በኋላ፣ ዩኒቨርሲቲ ገብቼ፣ ጋሽ ጥራት በመምህራን ስብሰባ ላይ ያለውን እታለም ነገረችኝ፦ "በተበላሸ ቆዳ ላይ ጥሩ ክር አይባክንም።" አንድ መምህር ሳቀ፤ ሌላው አባባሉ አምሮት ማስታወሻው ላይ ጻፈው። ያ ሁሉ ነፃነታችን፣ ዛፉም ጥንዚዛውም፣ የክር ቁጠባ ነበር።

ጠዋት ጠዋት ጋሽ ጥራት ሰልፉን ይጎበኛል። አንገቱን ትንሽ ደፋ አድርጎ፣ ዐይኑን ከኮሌታችን ከፍታ ላይ ሳያነሣ፣ በመስመሩ መሃል ይሄዳል። አንድ ቀን እኔ ጋ ሲደርስ ቆመ። የዞረ ኮሌታዬን በሁለት ጣቱ አቃናና "ቡኒ። እሺ" ብሎ አለፈ። የዚያን ቀን ማታ አንገቴን አልታጠብም ብዬ ከእናቴ ጋር ተጣላሁ። ሰላም ያለኝ መስሎኝ ነበር።

በእነዚያ ወራት የተቀየምኩት እታለምን ነው። እሷ የተመደበችው ለሰማያዊዎቹ ነው። ድሮ እጄን ይዛ ክፍል ድረስ ታደርሰኝ የነበረች ሴት አሁን በዕቃ ቤቱ መስኮት አጠገብ ስታልፍ ፊቷን ታዞራለች። ዘልዬ ስሟን ብጠራ እንኳ አትዞርም። አፍራብኛለች አልኩ። ቤት ስንገባ ደግሞ መጽሐፍ ከፍታ ታስቀምጠኝና ትጮህብኛለች። "እዪው፣ አትገምቺ። እዪው አልኩሽ።" አለቅሳለሁ። እናቴ ከወጥ ቤት፣ "ተያት እንጂ፤ ሰውየው ሥራ ያውቃል፣ ደረጃዋን ጠብቆ ያመጣታል" ትላለች። እታለም ገጹን ትገልጠዋለች።

አንድ እሑድ ሁለቱ ዕቃ ሲያጥቡ እኔ ከመጋረጃው ጀርባ የአሻንጉሊቴን ጫማ እፈልጋለሁ።

"ቡኒዎቹን በሙሉ ሊያሰናብታቸው ነው" አለች እታለም።

"መቼ?"

"ከፈተናው በፊት። ቢፈተኑ ውጤቱን ዝቅ ያደርጉበታላ። መቶ በመቶ አሳለፍኩ ማለት ነው የሚፈልገው።"

"የኛዋስ?"

"የኛዋ ኮሌታዋ ምንድን ነው?"

እናቴ አንዱን ሳህን ደጋግማ አጠበችው። "ሌላ ቦታ እናስገባታለና።"

"በዓመቱ አጋማሽ የወጣችን ልጅ ማን ይቀበላል? በሩ ላይ የሚጠይቁሽ ለምን ወጣች ብለው ነው።"

"ታዲያ አንቺ ለምኚው። አለቃሽ አይደል?"

"ለመንኩት። ወደ ዕቃ ቤቱ መድቡኝ፣ እኔ አስነብባቸዋለሁ አልኩት።"

"እና ምን አለ?"

"ምርጥ ማሽን ምርጥ ቆዳ ላይ ነው የሚሠራው አለኝ።"

ከዚህ ሁሉ የወሰድኩት አንድ ነገር ብቻ ነው፦ ከፈተናው በፊት እንሰናበታለን። ድሮም ቀድመን ነው የምንወጣው፤ አሁን ደግሞ ፈተና የሚባለውን ሳናየው ልንወጣ ነው። ሌሊቱን በደስታ ስገላበጥ አደርኩ።

በማግስቱ ይህን የምሥራች ለብረት ነጋዴው ልጅ ነገርኳት። ይህቺ ልጅ የሰማያዊዎቹ አንደኛ ናት። አባቷ ከከተማው ግማሹን የሠራ ብረት ሻጭ ነው ይባላል፤ በሾፌር ነው የምትመጣው፣ በሾፌር ነው የምትሄደው። ቀጭን ናት፣ ታስላለች፣ በዕረፍት ሰዓት መጥታ መስኮታችንን በሁለት እጇ ይዛ ጥንዚዛ ስናሽቀዳድም ታያለች።

"እኛ ሳንፈተን ነው የምንሰናበተው" አልኳት።

"እኔስ?"

"አንቺ ሰማያዊ ነሽ። ተፈተኚ እንግዲህ።"

ወደ እታለም ሄዳ፣ "መምህር፣ እባክሽ ለእኔም ቡኒ ስጪኝ" ስትል በጆሮዬ ሰማሁ። እታለም ልጅቷን ረዘም ላለ ጊዜ አየቻት። ከዚያ በእርጋታ፣ "ቡኒ ያምርሻል?" አለቻት።

ዛሬ ላይ ሆኜ ነገሩ የተወጠነው በዚያች ቅጽበት ይመስለኛል። እታለምን ጠይቄያት ግን አላመነችልኝም። "ከዚያ በፊትም አስቤበታለሁ" ነው ያለችኝ፣ በኩራት።

ከዚያ እንግዶች ይመጣሉ ተባለ። ጋሽ ጥራት በየሰፈሩ እንዲህ ዓይነት ትምህርት ቤት ሊከፍት አስቧል፤ ብረት ነጋዴው ሊሻረከው ነው። ሌሎች ሁለት ባለገንዘቦችም አብረውት ይመጣሉ። ግቢው ተጠረገ፣ ዛፎቹ እስከ ወገባቸው ኖራ ተቀቡ። የሒሳብ ክፍሉ ጸሐፊ ጆሮ ማዳመጫውን ኪሱ ከቶ ለመጀመሪያ ጊዜ ወደ እኛ ዞሮ ተቀመጠ፤ ምን እንደሚያደርገን ግን አላወቀም።

ሐሙስ ጠዋት ጋሽ ጥራት በሩ ላይ እንግዳ ሲጠብቅ የታችኛውን ክፍል ኮሌታ በሙሉ እንድታድል እታለም ታዘዘች። ሣጥኑን ጉልበቷ ላይ አስቀምጣ አንድ በአንድ ጠራችን። እኔ ስደርስ ሰማያዊ አነሣች።

"ዛሬ ሰማያዊ ነሽ" አለችኝ።

አንገቴ ላይ ስትቆልፈው ጣቷ ይቀዘቅዝ ነበር። በመጨረሻ ኮራችብኝ አልኩ። አጠገቤ የብረት ነጋዴው ልጅ ቡኒዋን በሁለት እጇ እየደባበሰች ትስቃለች። ሰማያዊ የነበረው ሁሉ ቡኒ፣ ቡኒ የነበረው ሁሉ ሰማያዊ ሆነ። ለእኔ ነገሩ ግልጽ ነው፦ ሌሊት ተሻሽለናል።

ሌሎቹ መምህራን አላዩም ማለት አይቻልም። አዩ። አንዷ ሣጥኑን አየች፣ እኛን አየች፣ እታለምን አየች፤ ከዚያ የራሷን ተማሪዎች ይዛ ሄደች። ማሽን ደግሞ አይናገርም።

ልጆቹን መጠቀሚያ አደረገቻቸው የሚል ይኖራል። ይበል። መጠቀሚያ ያደረገን ሌላ ነበር፣ እሱ ነው የተሸለመው።

አዳራሹ የቀለም ሽታ ይሸታል። እንግዶቹ ከፊት ተቀምጠዋል፤ ብረት ነጋዴው መሃል ላይ፣ እጁን ሆዱ ላይ አሳርፎ። እኛ በቀለማችን ተሰልፈን ገባን። ጋሽ ጥራት በአዲስ ጫማ ወዲያ ወዲህ ይላል፤ ጫማው ይጮሃል።

"እዚህ እኛ አናወራም፤ ዕቃው ራሱ ይናገር" አለ። "ከሰማያዊዎቹ አንዱን ልምረጥ። የትኛውም ይሁን፣ ግድ የለኝም። የእኛ ምርት አንዱ ከሌላው አይለይም።"

ጣቱን ቀሰረ። እኔ ላይ አረፈ።

ወደ ፊት ወጣሁ። አንድ ወረቀት ሰጠኝ። ፊደሎቹ ጥቁርና ትላልቅ ናቸው። ኮሌታው እስኪያነብልኝ ጠበቅሁ። ሰማያዊ ሰዎች የሚያነቡት በዚያ ነው ብዬ ስለማምን አንገቴን ቀና አድርጌ፣ ቁልፉን በጣቴ ነክቼ ጠበቅሁ። ምንም አልመጣም። ከዚያ የመጀመሪያውን ፊደል ጠራሁ። ቀጥሎ ሁለተኛውን። ሦስተኛው ላይ ተጋጩብኝ። ከእንግዶቹ አንዱ ጉሮሮውን ጠረገ።

"ደንግጣ ነው" አለ ጋሽ ጥራት እየሳቀ። "የሰው ብዛት ነው፣ ሂጂ፣ ሂጂ። ሌላ ጊዜ እንዲህ አይደለችም፣ ይቺ ከምርጦቻችን ናት።"

ይቺ ከምርጦቻችን ናት። ቃል በቃል እንዲህ ነው ያለው። እኔ አምኜው ወደ ቦታዬ ተመለስኩ።

የእኔን ነገር ለማስረሳት ቸኮለ መሰለኝ፣ ከተራው በፊት ወደ ቡኒዎቹ ዞረ።

"እንግዲህ ሐቀኛ ፋብሪካ ብልሽቱን አይደብቅም። ብልሽት የሌለው ሥራ የለም፤ ቁም ነገሩ ከደህናው ዕቃ ጋር ገበያ አለመውጣቱ ነው። እነዚህን እስከ ወሩ መጨረሻ እናሰናብታቸዋለን። ውጤታችን ውስጥ አይቆጠሩም፣ ስለዚህ በዚህ በኩል ሐሳብ አይግባችሁ።" እጁን ዘረጋና በቅርቡ ካገኘው ራስ ላይ አሳረፈ። "ይቺን ተመልከቱ ለምሳሌ። እኔ ቆዳ በዐይን ነው የምለየው፤ ሠላሳ ዓመት የሠራሁበት ነው። ዐይኗን ማየት ብቻ ይበቃል። ከዚህ ጫማ አይወጣም።"

የብረት ነጋዴው ልጅ ከእጁ ሥር ሆና፣ ፊቷ ሁሉ ጥርስ ሆኖ፣ ለአባቷ እጇን አወዛወዘች። "አባዬ" አለች። "እኔም ልሰናበት ነው።"

ብረት ነጋዴው ተነሣ። ወንበሩ ወደ ኋላ ተንፏቀቀ። ሊስማት የመጣ መሰለኝ፤ እንኳን ደስ ያለሽ ሊላት። ቀስ ብሎ መጣ፣ የጋሽ ጥራትን እጅ ከልጁ ፀጉር ላይ ሸረሪት እንደሚያነሣ ሰው በሁለት ጣቱ አነሣው።

"ይቺ የማን ልጅ ናት?" አለ።

"የአንድ ወላጅ ናት፤ እ… ስሙን ከቢሮ ማየት ይቻላል። ምነው?"

"የእኔ ናት።"

ጋሽ ጥራት ሳቀ። ቀልድ መስሎት ነው። ዙሪያውን እያየ፣ ሌላም ሰው እንዲስቅለት እየጠበቀ ሳቀ፤ ማንም አልተከተለውም። ሳቁ መሃል መንገድ ላይ ቆመ። ብረት ነጋዴው ቡኒ ኮሌታዋን እንዳሰረች ልጁን ይዟት ወጣ። እሷ ወደ እኔ ዞራ ዐይኗን ጠቀሰችኝ፤ ቀደምኩሽ ማለቷ ነው።

እታለምን ፈለግኳት። መስኮቱ አጠገብ እጇን አጣምራ ቆማለች። እኔን አላየችኝም። ጠግቦ ከገበታ የተነሣ ሰው ፊት ነበራት።

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ጋሽ ጥራት እኛ ቤት መጣ።

እናቴ ተርበተበተች። ደህናው ሶፋ ላይ አስቀመጠችው፣ ትራሱን ከጀርባው አስተካከለች፣ እኔን "ለጋሼ ውሃ አምጪ" ብላ ላከችኝ። እታለም ከፊቱ የእንጨት ወንበር ላይ ተቀምጣለች። ከትምህርት ቤት ዓርብ ዕለት ተባራለች፤ እኔ ዕረፍት የወጣች መስሎኛል።

"እንግዲህ እርስዎ ያደረጉትን አድርገዋል፤ እኔ ለክርክር አልመጣሁም" አለ። ከዚያ በፊት አንቺ ነበር የሚላት። "ሰውየው ስልኬን አያነሣም። ሌሎቹም እሱን አይተው ሸሹ። እርስዎ ሄደው ይንገሩት። ኮሌታው ተለዋውጦ ነው፣ ልጅዎ አንደኛ ናት ይበሉት። ሌላ ምንም አልጠይቅም።"

"አንተ አትነግረውም?" አለች እታለም። እርስዎ ማለቱን የተወችው ያን ጊዜ ነው። እናቴ በሩ ላይ ደነገጠች።

"እኔን አያምነኝም።"

"እኔስ ምን ብዬ ልንገረው? ልጅህን በኮሌታዋ እንጂ በመልኳ አያውቃትም ልበለው?"

ያን ቀን ያላየሁት ይህንን ነው፤ እታለም ያሰረችበትን ገመድ። ስህተቱን ለማስረዳት ከፈለገ፣ የትምህርት ቤቱን ምርጥ ልጅ ከማታነበው ልጅ መለየት እንደማይችል በራሱ አፍ መናገር አለበት። ዝም ካለ ደግሞ የብረት ነጋዴን ልጅ ብልሽት ያለ ሰው ሆኖ ይቀራል። በየትኛውም በኩል ቢስበው ይጠብቅበታል። ሰው እንዲህ ያለ ነገር ሲያስር ባየሁ ቁጥር ዛሬም ባርኔጣዬን አነሣለሁ።

ሰውየው ግን ነጋዴ ነው፤ ዋጋ ጨመረ።

"የእህትዎ ልጅ አለች አይደል፣ ቡኒዎቹ ጋ?" አለ። "ሰማያዊ አደርጋታለሁ። ከሰኞ ጀምሮ። እስከ መጨረሻው ክፍል አትነካም። ቃሌ ነው።"

እኔ ብርጭቆውን በትሪ ይዤ መሃል ቤት ቆሜያለሁ። ልቤ ዘለለ። ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ሰማያዊዬን ሰብስበውብኝ እስከ ዓርብ ስነፋረቅ ነበርና።

"ታውቃታለህ?" አለች እታለም።

"እንዴት አላውቃትም። ጎበዝ ልጅ ናት፤ ትንሽ ብትታሽ…"

"ምን ትመስላለች?"

ጋሽ ጥራት እጁን ወደ ትሪው ሰደደ፣ ብርጭቆውን አነሣ፣ ሳያየኝ "ተባረኪ" አለኝና ጠጣ። ከዚያ ወደ እናቴ በትከሻው እያመለከተ፣ "ቁርጥ እናቷን" አለ።

"ውሃ የሰጠችህ እሷ ናት" አለች እታለም። "ሐሙስም አዳራሽ መሃል አቁመህ ከምርጦቻችን ናት ያልካት እሷው ናት።"

ያን ጊዜ አየኝ። መጀመሪያ አንገቴን አየ። ባዶ ነበር። መንገዱ እንደጠፋበት ሰው ትንሽ ቆየና ወደ ፊቴ ወጣ።

"የተበላሸብህ የት ጋ እንደሆነ ልንገርህ?" አለች እታለም። ድምፅዋ አልጨመረም። "ቆዳው ደካማ ሲሆን ክሩን ትቀንሳለህ፤ ጫማ ስለሆነ አይከፋውም። ልጅ ሲዘገይ ግን መጨመር ነው ያለብህ፣ ከጎበዙ ቀንሰህም ቢሆን። ይህን ጠዋት ጠዋት ልጁን ሱሪ የሚያስታጥቅ አባት ሁሉ ያውቀዋል። አንተ ግን ስትሸጥ ነው የኖርከው።"

"እባክሽ እህቴ" አለች እናቴ። ወደ ውስጥ ገብታ የእታለምን ትከሻ ያዘች። "እልህሽን ተወጥተሻል። እሺ በይው። ልጅቷ ደጅ ትቅር ነው የምትይው?"

እታለም እኔን አየችኝ። በእነዚያ ወራት ውስጥ ፊቷን ሳታዞር ያየችኝ ያን ቀን ነው።

"ትቅር" አለች። "እኔ አለሁላት።"

ለዓመታት አልማርኳትም። ሰማያዊ ኮሌታ እጄ ላይ ደርሶ ነበር፣ እሷ ነች የነጠቀችኝ። ስለ ቅናት ያወቅሁት ገና ያን ሰሞን ስለነበር ቀንታብኝ ነው አልኩ። ወሩ ሲያልቅ ቡኒዎቹ ሁሉ ተሰናበቱ፤ እኔም አብሬ። በቀሉ ይህን አላስቀረም፤ አስቀረ ብዬ አላሳምረውም። ጥንዚዛ በማሽቀዳደም አንደኛ የነበረውን ልጅ ከዚያ በኋላ አላየሁትም። ጋሽ ጥራት ያን ሽርክና አጣ፣ ሀብታሞቹ እርስ በርስ እየተከታተሉ ልጆቻቸውን አወጡ፣ እሱ ለጊዜው ወደቀ። ኋላ ሌላ ከተማ ሄዶ ተነሣ። እንዲህ ያለ ሰው ሁልጊዜ ሌላ ከተማ አያጣም።

እታለም ሥራ የለሽ ሆና በእናቴ ሱቅ ጓዳ ውስጥ፣ በወረቀት ክምር መሃል ታስነብበኝ ጀመር። በፍቅር አላስተማረችኝም፤ በእልህ ነው። አንድ ገጽ ሳልወጣ አልነሣም፣ እሷም አትነሣም። ሳነብ አላጨበጨበችልኝም። "ቀጥዪ" ነው ያለችኝ። በተሰናበትኩበት ዓመት ሳይሆን በሚቀጥለው ሌላ ትምህርት ቤት ተፈትኜ ገባሁ። ዩኒቨርሲቲ ስመረቅ፣ "ያን ሁሉ ለእኔ ብለሽ ነው?" አልኳት። "አንቺን ማን አሰበሽ" አለችኝ። "እሱን ነው ያሰብኩት።" ከሰማኋቸው የፍቅር ቃላት ይህን የሚያህል የለም።

ያን ቅዳሜ ግን ይህን ሁሉ አላውቅም። ጋሽ ጥራት ብርጭቆውን አስቀምጦ ተነሣ። እናቴ እንባዋን በክንዷ እየጠረገች "እንግዳውን ሸኚ" አለችኝ። ከፊቱ ሄጄ የውጭውን በር ከፈትኩለት። ደፉ ላይ ሲደርስ ቆመና ጎንበስ አለ። ፊቱ እንዲህ ቀርቦኝ አያውቅም፤ አፍንጫው ላይ ትናንሽ ቀያይ ሥሮች አሉ።

"ስምሽ ማን ነው?" አለኝ።

ልነግረው ነበር። ስሜን ካወቀ ሰኞ ሰማያዊ ያደርገኛል፣ እታለም ሳታስፈልገው። አፌን ከፈትኩ።

"እንዳትነግሪው" አለች እታለም ከውስጥ።

እሷን ለመስማት ብዬ አልነበረም። ያን ሰሞን ሂጂ ብትለኝ እቀመጣለሁ፣ ተቀመጪ ብትለኝ እሄዳለሁ። መልሴን እየጠበቀ ሳለ ግን ዐይኑ ከፊቴ ላይ ተንሸራተተና ወደ አንገቴ ወረደ፤ የሌለውን ነገር እዚያ ፈለገ።

በስምንት ዓመቴ በትክክል የገባኝ ነገር እሱ ብቻ ነው። በሩን ዘጋሁበት።